አንደርግራውንዱ ሱቅ፣ የእግረኛው መንገድ ጋራዥ

"አዲስ አበባ መኪና ማቆሚያ የላትም" እያላችሁ የምታማርሩ ባለሕንፃዎች፣ እስቲ መጀመሪያ ምድር ቤታችሁን ክፈቱና አሳዩን! ፕላኑ ሲጸድቅ ፓርኪንግ ተብሎ የተሣለው ቦታ ዛሬ ግማሹ መጋዘን፣ ግማሹ ሱቅ ነው። በተረፈችው ጥግ ጄኔሬተርና የውሃ ታንከር ተቀምጧል። ሱቅ በካሬ ይከራያላ፤ መኪናውንማ መንገዱ ያኖረዋል።

ፓርኪንግ ሆኖ የቀረውም ቢሆን ብዙ ጊዜ አያስገባም። አንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር ይፈልጋል። ሦስቱ ጎን ለጎን እንዲቆሙ በኮለንና በኮለን (በሕንፃው ምሰሶዎች) መሀል 7.5 ሜትር የጠራ ክፍተት ያስፈልጋል። ኮለኑ ለላይኛው ፎቅ ታስቦ በ6 ሜትር ከተተከለ ሁለት ይገባና የቀረው ክፍተት ለማንም አይሆንም። ራምፑ (ወደ ምድር ቤት የሚያስገባው ቁልቁለት) ከ15 በመቶ በላይ ቀጥ ካለ፣ ጫፉም ካልለዘበ፣ የቪትዝ ሆድ አፋፉ ላይ ይፈገፈጋል። አንዴ ያስፈገፈገ ሾፌር ሁለተኛ አይገባም፤ የእግረኛው መንገድ ላይ ይወጣል። ልጅ ያዘለች እናት አስፋልት ወርዳ ከሚኒባስ ጋር ትጋፋለች።

በዚያ ላይ 12.5 ካሬዋ መተላለፊያና ራምፕ ሲደመርባት ከ25 እስከ 30 ካሬ ትሆናለች። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም እኮ ነው፣ ለአንድ መኪና!

"ታዲያ ሌላ ማቆሚያ ይሠራ" ይባላል። የመንገዱ ዳር ርካሽ እስከሆነ ድረስ ማን ይገባበታል? ንግድ ሰፈር ውስጥ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ቦታውን የሚይዙት ባለሱቁና ሠራተኞቹ ናቸው። ደንበኛው ሲዞር ይውላል፤ ባለሱቁ ደግሞ "ገበያ ቀዘቀዘ" ይላል። የካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና አሮጌው መሀል ከተማ ልክ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 የመንገድ ዳር ማቆሚያ ክፍያ ሲመጣ ነጋዴው የተስማማው ገንዘቡ ለዚያው ሰፈር እግረኛ መንገድና ዛፍ እንዲውል ስለተወሰነ ነው። ሠራተኛው ራቅ አድርጎ አቆመ፣ ደንበኛው ቦታ አገኘ። ይህን አስተሳሰብ ያስፋፉት የከተማ ፕላን ፕሮፌሰሩ ዶናልድ ሹፕ የዋጋው መለኪያ ቀላል ነው ይሉ ነበር፦ በየብሎኩ (ከመስቀለኛ እስከ መስቀለኛ ባለው የመንገድ ዳር) ሁልጊዜ አንድ ሁለት ቦታ ክፍት ይገኝ። ሞልቶ ከዋለ ረክሷል፣ ግማሹ ባዶ ከሆነ ተወድዷል። የእኛም የማቆሚያ ቲኬት ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ሰፈርና ግርግርንም ይለይ!

ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የመኪና ማደሪያ ሕግ አላቸው። ዛሬ መደበኛ መኪና ለማስመዝገብ ከቤት በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ማደሪያ እንዳለው ፖሊስ ማረጋገጥ አለበት።

ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ሕንፃዎች ላይ የነበረውን "ቢያንስ ይህን ያህል ማቆሚያ ሥሩ" የሚል ግዴታ አንሥታ "ከዚህ በላይ አትሥሩ" በሚል ገደብ ተካችው። ጥሩ አደረገች፤ ግን ይህችን ብቻ ገልብጠን እንዳናመጣት! የመንገዱ ዳር ሳይያዝ ግዴታው ቢነሣ ትርፉ እግረኛው ላይ የሚወጣ መኪና ነው። ቅድሚያ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ የብረት ምሰሶ፣ በ1.2 ሜትር ክፍተት፦ ዊልቸር ያሳልፋል፣ መኪና አያሳልፍም። 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ብቻውን ፒክአፕን አያቆምም። ታርጋ መፍታትም የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ፖሊሱ ዞር ሲል ሌላው ይተካል። ከዚያ የመንገድ ዳሩ ዋጋ፣ ከዚያ ግዴታውን ማንሣት።

ደሞ አስፋልት ላይ ድንጋይና የቀለም ቆርቆሮ ደርድሮ "ለእንግዳ ነው" የሚለው ጥበቃ! የማን እንግዳ? መጋዘኑን ያስለቅቁለትና እዚያ ይግባ።