እግር እያለ ኔትወርክ ምን ያደርጋል?

መሥሪያ ቤቶቻችን የሚገባቸውን ያህል አልተመሰገኑም። ሌላው ዓለም መረጃን ከቢሮ ቢሮ ለማስተላለፍ ስንት ገንዘብ ያፈሳል። እኛ ግን አስተማማኙን መንገድ ካገኘን ቆየን። ባለጉዳዩን ራሱን መላክ ነው። መብራት ቢጠፋ ይደርሳል። ሲስተም ቢወድቅ ይደርሳል። በተለይ ባለጉዳዩ ቤተሰብ የሌለው ወጣት ከሆነ በጣም ምቹ ነው። ደውሎ የሚቆጣለት ዘመድ የለውማ።

አንዲት ልጅ እንውሰድ። ፀሐይ እንበላት። ዕድሜዋ 17 ነው። እናትና አባቷ የሉም፣ አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ተጠግታለች። የሙያ ሥልጠና ልትጠይቅ ወረዳ ሄደች። ሥራና ክህሎት «የኔ እህት፣ ችግረኛ መሆንሽን ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ አጽፊ» አላት። ቢሮው እዚያው ሕንፃ ላይ ነው፣ አንድ ፎቅ ከፍ ይላል። እነሱ ደግሞ «ነዋሪነትሽን ከሲቪል ምዝገባ» አሉ። ሲቪል ምዝገባ ምድር ላይ ነው። እዚያ ስትወርድ የልደት ማስረጃ ተጠየቀች። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ የሚለው አዋጅ 760 የወጣው በ2004 ነው። ከአዋጁ ቀድማ መወለዷ እንግዲህ የራሷ ጥፋት ነው።

ደግሞ ደብዳቤው! ከላይ ቁጥርና ቀን አለው። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ይላል፣ ከሥሩ ተሰምሮበት። ታች ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማኅተም፣ ከዚያም ግልባጭ ለሦስት ክፍል። ማኅተሙ የፊርማውን ጅራት መንካት አለበት፤ ካልነካ ተቀባዩ ቢሮ ይመልሰዋል። ማኅተም ያዧ ስብሰባ ከገቡ ነገ ነው። ከነገ ወዲያም ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ የሚጻፈው አንድ ፎቅ ላይ ላለ ባልደረባ ነው፤ ጠዋት አብረው ማኪያቶ ለጠጡት ባልደረባ።

ኔትወርክ የለንም እንዳትሉኝ። ወረዳኔት የሚባለው መስመር የተዘረጋው ገና በ1990ዎቹ ነው፣ ወረዳን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት። አለቆች በስክሪን ተሰብስበውበታል። ስብሰባ በሽቦ፣ ደብዳቤ በእግር፤ ሁሉም እንደ ክብሩ። ከዚያ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጣ፣ በ2015ም አዋጅ 1284 ወጣለት። ፀሐይ ባለ 12 አሃዝ ቁጥሯን ስልኳ ላይ ይዛ መስኮቱ ጋ ቀረበች። ሠራተኛዋ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ «አሪፍ ነው፣ ፎቶ ኮፒውን አምጪ» አለቻት። አያይዛም፦ «ሁለት ኮፒ፤ አንዱ ለፋይል።»

እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማደንቀው ምስጢር አጠባበቃቸውን ነው። አንዱ ቢሮ የሌላውን መዝገብ ቢጠይቅ «የልጆች መረጃ ነው፣ አሳልፈን አንሰጥም» ይባላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321 በ2016 ከወጣ ወዲህማ አፋቸውን ሞልተው ነው የሚሉት። እውነት ለመናገር፣ የልጅ መረጃ ለማንም አይበተንም፣ እሱ ላይ ቀልድ የለኝም። አዋጁ ግን ለምን እንደተፈለገ፣ ለማን እንደሚሰጥ ለይታችሁ በሥርዓት ያዙ ነው የሚለው፤ ካቢኔ ቆልፋችሁ ልጅቷን አንከራትቱ አይልም። ፋይሉ ውስጥ ያለውን ደግሞ ልጅቷ በቃሏ ትናገራለች፣ በየመስኮቱ፣ እንደ አዲስ። «ጮክ በይ፣ አይሰማም! እናትሽ በምንድን ነው የሞተችው?» ወረፋው በሙሉ ጆሮውን ያቆማል። «አክስትሽ ጋ ሰላም ነሽ? ባልየው አይነካሽም?» ይህም ይጠየቃል፣ ከኋላዋ የንግድ ፈቃድ ሊያሳድሱ የቆሙ ሰውዬ እየሰሙ። ፋይሉ ግን አልተነካም። ሕንፃው ውስጥ ታሪኳን ያልሰማው ጥበቃው ብቻ ነበር፤ እሱም ሰኞ ዕለት ሰማ።

ይህን ቅንጅት በመረጃ ልውውጥ እናበላሸው የሚሉ አሉ። ልጅቷ አንዴ ትመዝገብ፣ አንዴ ትጠየቅ፣ ቢሮዎቹ እርስ በርስ ይነጋገሩ ባዮች ናቸው። ጉዳቱን አላሰቡትም። አሁን ሁሉም በየፍላሹ የራሱን ኤክሴል ይዟል። አንዱ ጋ «ፀሐይ» ናት፣ ሁለተኛው ጋ «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው ጋ «ጠሃይ»። በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲደመር አንዲት ልጅ ሦስት ተጠቃሚ ወጣት ሆነች። ዳታው ቢናበብ ኖሮ ሁለቱን ከየት እናመጣ ነበር? ዕቅዱስ እንዴት ከመቶ በላይ ይሳካ ነበር?

ፀሐይ ይህን አልሰማችም ነበርና ደብዳቤዎቿን በክላሰር ይዛ ሐምሌ ላይ ተመልሳ መጣች። ሥልጠናው መቼ እንደሚጀመር ጠየቀች። ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገቻት፣ አገኘቻት፣ ፈገግ አለች።

«አንቺ እኮ አልቆልሻል። ሠልጥነሻል ይላል።»