«አራት ቀን ያቆይሃል» የተባልኩት ባትሪ አንድ ሌሊት አላደረም

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቴ ግን የአንዲት ሌሊት ብቻ አይደለም። እዚህ እንግሊዝ አገር ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ገዝቶ ከመብራት መስመር ውጪ ለማደር የሚያስብ ጀማሪ፣ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባውን አንድ ቀላል ስሌት የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው ያንገበገበኝ። ባትሪ የሚሸጠው ስለ ባትሪው፣ ሶላር የሚሸጠው ስለ ሶላሩ፣ የባትሪን 12 ቮልት ወደ ቤት 230 ቮልት የሚቀይረውን ኢንቨርተር የሚሸጠውም ስለ ኢንቨርተሩ ያወራል፤ «ለመሆኑ እናንተ ማታ ማታ ምን ምን ታበራላችሁ? ለስንት ሰዓት?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም አልነበረም።

ካራቫናችን አሮጌ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ለሁለት ዓመት አጠራቅመን የገዛነው ባለ 4 አልጋ ነው። የተለመዱት የካምፕ ሥፍራዎች ለየካራቫኑ ሰማያዊ ሶኬት ያለው የ230 ቮልት መስመር ይሰጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 16 አምፔር ነው። እዚያ የሰካ ሰው ማንቆርቆሪያውንም ማሞቂያውንም በየተራ እስካበራ ድረስ ሳይሳቀቅ ይጠቀማል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን ዋጋቸው ይሰቀላል፣ ቦታም አይገኝም። ስለዚህ ባለፈው ኦክቶበር መጨረሻ፣ ልጆቹ ለአንድ ሳምንት ሲያርፉ፣ ደርቢሻየር ኮረብታዎች መካከል ያለች አንዲት የእርሻ ቦታ መረጥን። እንዲህ ያሉት ትንንሽ ቦታዎች በካራቫን ክለቦች ፈቃድ ቢበዛ 5 ካራቫን የሚያስተናግዱ ናቸው፤ የውኃ ቧንቧና የመጸዳጃ ማፍሰሻ ይኖራቸዋል፤ እኛ እንደመረጥናት ያሉ መብራት የሌላቸውም አሉ፤ የእነዚህ ዋጋ ለእኛ ዓይነቱ ቤተሰብ የሚቀመሰውም ለዚሁ ነው።

ከመሄዳችን በፊት ወደ አንድ የካራቫን ዕቃ መሸጫ ሄጄ ያለ መስመር 4 ቀን ማደር እንደምንፈልግ በግልጽ ተናገርኩ። ሻጩ ወደ መደርደሪያው ወሰደኝና 110 አምፔር ሰዓት የሚል ተለጣፊ ያለበትን ከባድ ባትሪ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ይሄ አራት ቀን ያቆይሃል» አለኝ። ከጎኑም ሳጥኑ ላይ 1000 ዋት ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ኢንቨርተር ጨመረልኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

የደረስነው ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ልጆቹ ቴሌቪዥን አዩ፣ ስልኮቹ ቻርጅ ተደረጉ፣ ፓስታ በጋዝ ተቀቀለ፣ ማሞቂያው በርቶ ተኛን። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ ሲጮህ ነቃሁ። የካራቫን ማሞቂያ በጋዝ ይነዳል እንጂ ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚያሰራጨው ማራገቢያ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ የማራገቢያው ድምፅ እየሰለለ እየሰለለ ሄዶ ጸጥ አለ። ትንሿ ልጄ ካፖርቷን ብርድ ልብሱ ላይ ደርባ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁሉንም ነገር አጠፋፍቼ ወጣሁና በስልኬ መብራት የባትሪውን ሳጥን ከፍቼ ቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) በሁለቱ ጫፎች ላይ ሳሳርፍ 11.4 ቮልት አነበበ። ሞልቶ ያረፈ የእርሳስ አሲድ ባትሪ 12.7 ገደማ ያነባል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ 11.4 ማለት ባዶ ማለት ነው። ጤዛው በባትሪው ክዳን ላይ ተንጠባጥቦ፣ «110» የሚለው ቁጥር በብርሃኑ ያብረቀርቅ ነበር።

አሁን ማንም ያልነገረኝን ስሌት ልንገራችሁ። ባትሪውን ቤታችን ጣሪያ ላይ እንዳለ ሮቶ ውሰዱት። ዋት ማለት ውኃው በቧንቧው የሚወርድበት ፍጥነት ነው፤ ዋት ሰዓት ደግሞ ከሮቶው የወጣው የውኃ ብዛት ነው። የባትሪውን አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት ብታባዙት የሮቶውን መጠን ታገኛላችሁ፤ የእኔው 110 በ12 ሲባዛ 1320 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይሁን እንጂ የእርሳስ አሲድ ባትሪ ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው በፍጥነት ስለሚያጥር በእጃችን ያለው 660 ብቻ ነው። ተለጣፊው ላይ ያለው ቁጥር እውነት የሚሆነውም ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲራገፍ ነው፤ በኃይል ከተሳበ ከዚያም ያነሰ ይሰጣል።

የዚያች ሌሊት ወጪያችንን በኋላ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አምፖሎቹ ኤልኢዲ ስለሆኑ ሁሉም ተደምረው 20 ዋት ናቸው፤ 5 ሰዓት በርተዋል፤ 100 ዋት ሰዓት። ማራገቢያው 15 ዋት፣ ለ11 ሰዓት፣ 165። ቴሌቪዥኑ 30 ዋት፣ ለ3 ሰዓት፣ 90። አራት ስልክና አንድ ላፕቶፕ 120 ገደማ። የውኃ ፓምፑ አልፎ አልፎ ስለሚሠራ ከ10 አይበልጥም። ኢንቨርተሩ ራሱ ደግሞ፣ ምንም ነገር ሳይሰካበት እንኳ፣ በርቶ እስካለ ድረስ ወደ 10 ዋት ይበላል፤ እኔ ከገባን ጀምሮ አላጠፋሁትም ነበርና 110 ዋት ሰዓት እንዲሁ ሄደ። ድምሩ ወደ 600 ነው፤ በ11 ሰዓት ውስጥ። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ቢሆን እንኳ ጠርዙ ላይ ያደርሰን ነበር። ይህን ለማስላት ምሕንድስና መማር አያስፈልግም፤ አንድ ብጣሽ ወረቀትና 5 ደቂቃ ይበቃል። ሻጩ ያን 5 ደቂቃ ቢሰጠኝ ምን ይጎዳው ነበር?

ደግሞም አልሞላም ነበር። ከለንደን ደርቢሻየር ድረስ ስንነዳ መኪናው በመጎተቻው የኤሌክትሪክ ገመድ በኩል እየሞላው የመጣ መስሎኝ ነበር። የአዳዲሶቹ መኪኖች ዲናሞ ግን ነዳጅ ለመቆጠብ የተሠራ ስለሆነ የራሱ የመኪናው ባትሪ ሲሞላ ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል፤ እስከ ካራቫኑ የሚሄደው ሽቦም ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከተረፈው ላይ ይቀንሳል። መፍትሔው በሁለቱ ባትሪዎች መካከል የሚገባ፣ የወረደውን ቮልት መልሶ ከፍ የሚያደርግ ቻርጀር ነው። መኪናዬ ስንት ዓመቱ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ቢያንስ ከመነሳታችን በፊት ባትሪውን እቤት ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጌው ብሄድ ኖሮ ልጄ እስኪነጋ ድረስ በሙቀት ትተኛ ነበር።

ስለ ኢንቨርተሩም ዝም ብዬ አላልፍም። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1000 ዋት ለቅጽበት ብቻ የሚችለው ሲሆን፣ ሳያቋርጥ የሚሸከመው 500 መሆኑ ከታች በደቂቅ ፊደል ተጽፏል። ባለቤቴ ጠዋት ለሻይ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ይሠራ እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር። የቤታችን ማንቆርቆሪያ 2000 ዋት ነው፤ ያን ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት የኢንቨርተሩ ብክነት ሲታከልበት 190 አምፔር ገደማ መሳብ አለበት፤ ያን የሚሸከም ሽቦ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ነው። የሚገርመው፣ አንድ ሊትር ውኃ ለማፍላት የሚያስፈልገው ጠቅላላ ጉልበት 100 ዋት ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። ሮቶው ያን ያህል ውኃ አያጣም፤ ቧንቧው ግን በአንድ ጊዜ ያን ሁሉ አያወርድም። ስለዚህ የሚያሞቅና የሚያፈላ ነገር ሁሉ ለጋዝ ይተው። ፍሪጁም እንዲሁ ነው፤ በአሮጌ ካራቫኖች ያለው በጋዝም በ12 ቮልትም በ230 ቮልትም ይሠራል፤ በ12 ቮልት የሚሠራው ግን መኪናው እየተነዳ ላለበት ጊዜ ብቻ የታሰበ ነው፤ ቆማችሁ ሳለ በባትሪ ብታስኬዱት በጥቂት ሰዓት ያራግፈዋል። ጋዙን ስትገዙም ለብርዱ ወቅት ፕሮፔን ይሁን፤ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ስለሚያቆም ሲሊንደሩ ሞልቶ ሳለ ምድጃው አይነድም።

በማግስቱ ጠዋት የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ቡና ውጪ ለማፍላት ከሰል ይዘን ሄደን ነበር። ልጆቹ ሲንቀጠቀጡ ያየችው ባለቤቴ ፍም የሆነውን ምድጃ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ውስጥ እናስገባው አለች፤ እኔም ለአንድ አፍታ አመነታሁ። ወገኖቼ፣ ይህን በፍጹም አታድርጉት። ካራቫን ጠባብ ክፍል ነው፤ ከሰል ጭሱ ካለቀ በኋላም፣ ፍሙ ሊጠፋ ሲልም ቢሆን፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አገራችን በከሰል ጭስ ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? ምድጃውን መልሼ ውጪ አስቀመጥኩት፤ ልጆቹን መኪና ውስጥ አስገብተን ሞተር አስነስተን አሞቅናቸው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሳትገዙ አትውጡ፤ በገባችሁ ቁጥርም ቁልፉን ተጭናችሁ መጮሁን አረጋግጡ። አንድ ባትሪ ሻጭ ለመብራትና ለሙቀት ሲል የሰጠው የተሳሳተ ቃል ሰውን ወዴት ሊገፋው እንደሚችል የገባኝ በዚያች ጠዋት ነው።

ቀጥሎ የሰማሁት ምክር «ሶላር ግዛ» የሚል ነበር። ሶላር መልካም ነገር ነው፤ ግን ይህም ያለ ቁጥር ነው የሚሸጠው። ባለ 100 ዋት ፓኔል 100 ዋት የሚሰጠው ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው ነው፤ ካራቫን ጣሪያ ላይ ደግሞ ተጋድሞ ነው የሚውለው። በጁን ወር ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ስለሚረዝም በቀን ከ350 እስከ 400 ዋት ሰዓት ሊያስገባ ይችላል። በኦክቶበር መጨረሻ ወደ 100 ይወርዳል። በዲሴምበር ከ50 ቢያልፍ ጥሩ ቀን ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ወር ለንደን ላይ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ በዚያው ወር አዲስ አበባ ላይ 57 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች። እናታችን ጣሪያ ላይ የሚሠራው ሶላር እዚህ በብርዱ ወቅት ያን ያህል የማይሠራው ፓኔሉ ተበላሽቶ ሳይሆን ፀሐይዋ ሌላ ስለሆነች ነው። የእኛ ወጪ በሌሊት 600፣ ገቢው በቀን 100 ከሆነ፣ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በሳምንት አንድ ቀን ሮቶ ሞልቶ በየቀኑ ልብስ እንደማጠብ ነው። የምትገዙ ከሆነ በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚገባው የቻርጅ መቆጣጠሪያ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ርካሹ ዓይነት የፓኔሉን ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ጎትቶ ስለሚያወርደው ከሚመጣው ላይ ደህና ድርሻ ያባክናል።

ሊቲየም ባትሪ ይሻላል የሚሉኝም አሉ፤ እውነታቸውን ነው። 100 አምፔር ሰዓት ያለው ሊቲየም ወደ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ አብዛኛውን ያለ ጉዳት መጠቀም ይቻላል፤ ክብደቱም ከእርሳሱ ግማሽ አይሞላም። ነገር ግን ዋጋው ከበድ ይላል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታችም ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ነባሩ የካራቫን ቻርጀርም ለእሱ ላይስማማ ይችላል። የትኛውንም ባትሪ ብትገዙ ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አስገቡ፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

ከጉዞው እንደተመለስን ባትሪውን ጭኜ ወደዚያው መሸጫ ሄድኩ። ያው ሰውዬ ቴስተሩን ሰክቶ ካየ በኋላ «ይሄማ እስከ ታች ተራግፏል፤ ከግማሽ በታች ስላወረድከው ዋስትናው አይሸፍነውም» አለኝ። መጠቀም የሚቻለው ግማሹን ብቻ መሆኑን ከአፉ የሰማሁት ያን ጊዜ፣ ገንዘቤን ከወሰደ በኋላ ነው። «ታዲያ አራት ቀን ያልከኝ ግማሹን ነው ወይስ ሙሉውን?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንደ አጠቃቀሙ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እንደ አጠቃቀሙ መሆኑን አሁን እኔም አውቃለሁ፤ አጠቃቀሜን ግን ከመሸጡ በፊት አልጠየቀኝም።