ማስተካከያ፦ የተሰረዘ የወንጀል መዝገብና የአሜሪካ የዜግነት ፎርም

በቴሌግራምና በቲክቶክ ብዙ ሰው እየተቀባበለው ያለ ምክር አለ። «አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት የወንጀል መዝገብህን ኤክስፐንጅ ካደረገልህ (ከሰረዘልህ)፣ የዜግነት ፎርም ላይ ‹ታስሬ አላውቅም› ብለህ ሙላ» ይላል። ስህተት ነው።

የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ከነመመሪያው መዝገቡ ቢዘጋም ቢሰረዝም እስሩም ክሱም እንዲገለጽ ይጠይቃል። ስቴቱ የሚዘጋው መዝገብ በዋናነት ከአሠሪና ከቤት አከራይ ዓይን ነው የሚሰወረው። ኢሚግሬሽን የሚመራው ግን በፌዴራል ሕግ ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድም እ.ኤ.አ. በ1999 በሰጠው ውሳኔ፣ ስቴት ሰውየው ስለታረመ ብሎ የሰረዘው ጥፋተኝነት ለኢሚግሬሽን ጉዳይ እንዳለ ይቆጠራል ብሏል። ጥፋተኝነቱ የተሻረው በክሱ ሂደት ላይ የሕግ ስህተት ተገኝቶ ከሆነ ነገሩ ይለያል።

ጣጣው ቀላል አይደለም። አሻራ ስትሰጡ ኤፍቢአይ ጋር ይጣራል፤ የድሮው እስር ሊወጣ ይችላል። ኢንተርቪው ላይ ምላችሁ «የለም» ካላችሁ፣ በራሱ ዜግነት የማያስከለክል ትንሽ ክስ እንኳ በሐሰት ቃል ምክንያት ማመልከቻውን ሊያስጥል ይችላል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም እውነቱ ቢነገር ያልፍ ነበር።

መዝገባችሁን ለማሰረዝ ያሰባችሁ፣ ከመሰረዙ በፊት የፍርድ ቤቱን ማኅተም ያለበት የውሳኔ ግልባጭ አውጡና አስቀምጡ። በኋላ ማግኘቱ ያስቸግራል። «የለም» ብላችሁ ያስገባችሁ ደግሞ ከኢንተርቪው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።