በረዶው አይመታቸውም?

ባለፈው ገና የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከጎኔ ተቀምጣ የፈረንጅ የበዓል ካርቱን ታያለች። ልጆቹ በረዶ ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። ዞር ብላ «ጋሼ፣ በረዶው አይመታቸውም?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ባሕር ዳር ላይ በረዶ ማለት በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ የገበሬውን ማሳ እንዳልነበር የሚያደርግ ነገር ነው። ሲመጣ ወደ ቤት ይሮጣል እንጂ ማን ይጫወትበታል? በገና ሰሞን ደግሞ ጠዋት ጣና ዳር ብርዱ ቢቆነጥጥም፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እኛ ግን የፕላስቲክ ጥዱ ላይ ጥጥ ነስንሰን በረዶ አልነው። የነሰነስኩት ራሴ ነኝ፣ ምን ልደብቅ።

በእነዚህ የበዓል ካርቱኖች ማን ታየ፣ ማን ቀረ የሚለው ክርክር እዚያው ፈረንጅ አገርም አለ። ሁሌ የሚነሳው የፍራንክሊን ነገር ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በ11ኛው ቀን ሃሪየት ግሊክማን የተባለች አስተማሪ ስለ ልጆች የሚተርከውን የጋዜጣ ካርቱን «ፒናትስ»ን ለሚሥለው ቻርልስ ሹልዝ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጥቁር ልጅ ይግባበት አለችው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሐምሌ ላይ ፍራንክሊን ገባ። በ1973 በወጣው የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል ፊልም ላይ ግን ልጆቹ ማዕድ ሲቀርቡ፣ እሱ ከጠረጴዛው በአንዱ ጎን ለብቻው ተቀምጧል። ከፊት ለፊቱ ሌሎቹ ተደርድረዋል፣ ከጎኑ ማንም የለም። በ2024 በራሱ ስም በወጣው ፊልም ነው ጓደኞቹ መጥቶ ከእነሱ ጋር እንዲቀመጥ የጠሩት። ከሃምሳ ዓመት በኋላ!

ይህን ሳነብ መጀመሪያ በፈረንጅ ልፈርድ ነበር። እኛ አገር እኮ አንድ ትሪ ዙሪያ ነው የሚበላው፤ ለብቻው የሚቀመጥ ወይ ታሟል ወይ አኩርፏል። ከዚያ የጣና ዳር ነገር ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

ነገደ ወይጦዎች የሐይቁ ሰዎች ናቸው። ደንገል አጭደው፣ አስረው ታንኳ የሚሠሩ። ድሮ ጉማሬ ይበላሉ ተብሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ አይቆርስም ነበር። እነሱ ራሳቸው አብዛኞቹ ሙስሊም ሆነው ማለት ነው። ታንኳው ዛሬ ፖስተሩ ላይም የሆቴሉ ግድግዳ ላይም አለ። የሠሪው ልጅ ግን የትኛው የበዓል ፕሮግራም ላይ ታይቶ ያውቃል?

የራሳችን ካርቱን ይሠራ የሚል ሁሉ ያስደስተኛል። ፀሐይ የምትባለዋ ቀጭኔ በአማርኛ ስታወራ ልጆች እንዴት እንደወደዷት አይተናል። ቡሄ ደግሞ ብቻውን ፊልም ነው፦ ጅራፉ፣ ችቦው፣ ሙልሙሉ፣ በየበሩ እየዞሩ ሆያ ሆዬ ማለቱ፣ ማታ ደግሞ ሳንቲም ሲካፈሉ የሚነሳው ጠብ። (ከጭፈራው ይልቅ ጠቡ ነው የሚያስቀው።) የምፈራው ግን ሌላ ነው። የሀገር ልብስ፣ መሶብ፣ ቡና፣ አንድ ዓይነት ቤተሰብ አሰልፈን «ይኸው የኢትዮጵያ ልጅ» እንዳንል። ወይ ደግሞ የወይጦውን ልጅ ለይስሙላ አንድ ጊዜ በታንኳ አሳልፈን እንዳንሸኘው። እስቲ ዒድን እሱ ቤት እናክብር። ይኩራፍ፣ ያጭበርብር፣ ይሳቅ፤ ዋናው ልጅ እሱ ይሁን።

በማግስቱ ሕፃኗን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ። እኩያዋ የሚሆን ልጅ ውሃ የጠጣ ታንኳ ከአባቱ ጋር ፀሐይ ላይ ያሰጣል። እሷም ሰላምታ ሳትሰጥ «አንተ በረዶ ላይ ተጫውተህ ታውቃለህ?» አለችው።

ልጁ አየት አየት አደረጋትና «የምን በረዶ? ክረምቱ እኮ አልፏል» አላት።