ይድረስ ለባክቴሪያ አጥቂው ቫይረስ፣ ለክቡር ፋይኬዜድ፣ ባሉበት የሱዶሞናስ ሴል

ጉዳዩ፦ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ስለተሠራ እልፍኝ

ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ ከትናንት በስቲያ ማታ ደፍርሶና አረንጓዴ ቀለም ይዞ የተውኩት የሱዶሞናስ ባክቴሪያ ፍላስክ ትናንት ጠዋት እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ጠበቀኝ። አንዲት ጠብታ ወስጄ ባክቴሪያ በተነጠፈበት ሳህን ላይ ባደርግ፣ ሳህኑ ብል የበላው ጋቢ መስሎ አደረ። እርስዎን የሚያራቡት ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ሌላ ተጠርጣሪ የለኝም።

ሳይጠሩ መግባትዎ ሳያንስ፣ ወደ 280 ሺህ ፊደል የሚጠጋውን ዲኤንኤዎን አንብቦ ወደ አር.ኤን.ኤ. የሚገለብጥ ፖሊመሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይዘው መምጣትዎ የባለቤቱን የባክቴሪያውን ጸሐፊዎች መናቅ ነው። ቀጥሎም ቺማሊን በተባለ ፕሮቲን ዲኤንኤዎን ዙሪያውን አጥረው የግል እልፍኝ ያቆማሉ፤ ያውም ለገዛ ዲኤንኤው አንዲት ጓዳ እንኳ ባልከለለ ፍጡር ሆድ ውስጥ! እ.ኤ.አ. በ2017 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲያጎ ተመራማሪዎች ይህንኑ ገመና በአንድ ዘመድዎ ላይ ስለገለጡት፣ ክህደት አይጠቅምዎትም። የፕሮቲን ክሮችዎ እልፍኙን ከሴሉ መሀል ያቆሙታል፤ በሴሉ ሽፋን አጠገብ የተሠሩት ባዶ የቫይረስ ቅርፊቶችም ባዶ እንስራ ይዘው ምንጭ እንደሚወርዱ ሴቶች በክሮቹ ላይ ተጉዘው፣ ከእልፍኙ ግድግዳ ተጠግተው ዲኤንኤ ሞልተው ይመለሳሉ። እኔ አንድ ጠርሙስ ኬሚካል ለማስፈቀድ ሦስት ቢሮ ስዞር እርስዎ ይህን ሁሉ ያለ አንድ ማኅተም መፈጸምዎ ያስቀናኛል።

የወራሪ ዲኤንኤ የሚቆራርጡት የባክቴሪያው የክሪስፐርና የሪስትሪክሽን ኢንዛይም ዘበኞችም መግቢያ አጥተው ደጅ ይቀራሉ። እርስዎ ግን እልፍኝ እንጂ ማድቤት አልሠሩም፦ የፕሮቲን አሠራር መመሪያ የሚያደርሰውን መልእክተኛ አር.ኤን.ኤ.ዎን ወደ ውጭ እየላኩ ፕሮቲንዎን ራይቦዞም በተባለው የባለቤቱ ፕሮቲን መሥሪያ ያስጋግራሉ፣ ሲጨርሱም ቤቱን አፍርሰው ይወጣሉ።

ስለሆነም አር.ኤን.ኤ. የሚቆርጠውን ካስ13ን የታጠቀ ባክቴሪያ ለሰኞ ያዘጋጀሁ መሆኑን አስታውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ይኸው ዘበኛ መልእክተኛዎን ደጅ ላይ ጠብቆ እንደያዘው አይዘነጉትም።

ከሰላምታ ጋር
ፍላስክ አጣቢዎ

ግልባጭ፦
ደጅ ለቀሩት ሪስትሪክሽን ኢንዛይሞች፣ እንዲያውቁት