የቆመ ባቡር፣ የማይቆም ልምድ

ከጀሞ ወጣ ብሎ፣ ወደ ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ላስቲክ ወጥሮ ቡና የሚያፈላ አይጠፋም። በርጩማዎቹ ቁመታቸው አንድ ነው፤ ማዕረጋቸው ግን ለየቅል። ግድግዳ የሚያስደግፈው የነባር ነው። በሩ አፍ ላይ ያለው፣ ክረምት ጭቃ በጋ አቧራ የሚጠጣው፣ የአዲስ ገቢ ነው። ምድጃው አጠገብ ያለውን ደግሞ ባቡሩን የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣ ስለ ሎኮሞቲቭ ግን ከሁሉም አብልጦ የሚያወራ ሰው ይይዘዋል። እሱን ማንም አያስነሣውም፤ የዕድገት ደብዳቤ የሚተይበው እሱ ነው።

ነባር ማለት በድሮው ምድር ባቡር ያደገ ነው። የሀዲዱ ስፋት 1 ሜትር፣ ርዝመቱ ከጅቡቲ እስከ ለገሃር 784 ኪሎ ሜትር፣ የቢሮው ቋንቋ ፈረንሳይኛ። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ተጀምሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነውና፣ መቸኮልን እንደ ነውር የሚያይ ትውልድ አፍርቷል። አዲሱ ደግሞ ከሰበታ ተነሥቶ በፉሪ ለቡና በእንዶዴ አድርጎ ጅቡቲ በሚወርደው መስመር የተቀጠረ ነው፦ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት፣ ከራስ በላይ 25 ሺህ ቮልት። ነባሩ ሞተሩን በጆሮው ያዳምጣል፤ አዲሱ ከስክሪን ላይ ያነባል። ነባሩ «ስክሪኑ የጠፋ ዕለትስ?» ይላል። አዲሱ «ጆሮዎ የጠፋ ዕለትስ፣ ጋሼ?» ይላል፤ በልቡ። በአፉ የሚለው «ልክ ነዎት» ነው።

ሙግቱ አቦል ላይ ይከፈታል።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ባቡር ስይዝ አንተ የት ነበርክ?»

«አልተወለድኩም ነበር፣ ጋሼ።»

«በል እንግዲያው ቡናህን ጠጣ።»

ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። አቦል ላይ 18 ዓመት የነበረ ልምድ ቶና ላይ 23 ይሞላል። በረካ እስኪወርድ ካልተበተኑማ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ጃንሆይን ወደ ጅቡቲ ያደረሰው ባቡር ላይ እሱ ነበር ሊባል ምንም አይቀረው።

አቆጣጠሩም የራሱ ጥበብ አለው። አሮጌው የአዲስ አበባ ድሬዳዋ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ቆሟል፤ ልምዱ ግን አልቆመም። ሀዲዱ ላይ ሣር በቅሎ ፍየል ሲግጥበት የኖረው ዘመን ሁሉ «በሙያው ላይ» ተብሎ ይደመራል። አዲሱም አይታማም። ቻይና ሄዶ የተቀመጠባትን የክፍል ወንበር፣ ሲሙሌተር በሚባለው የልምምድ ማስመሰያ ላይ የነዳውን ሰዓት፣ ቻይናዊው ሲነዳ አጠገቡ ሆኖ ያዛጋበትን ጉዞ ሁሉ ይቆጥራል። ሲሙሌተር ላይ የገጫት ላም ደግሞ ካሳ አትጠይቅም። እውነተኛው መስመር ላይ የተገጨች ላም ግን፣ ነፍሷ በወጣ በሩብ ሰዓት ውስጥ በቀን ሃያ ሊትር የምትታለብ ሆና ትገኛለች።

አማርኛም ለዚህ ሙግት አልተባበረም። ለሙያ ብስለትም፣ ለማይለቅ አመልም አንዱን ቃል ነው የሰጠው፦ ልምድ። «የሃያ ዓመት ልምድ አለው» ሲባል ብስለቱ ይሁን አመሉ ደብዳቤው ላይ አይጻፍም፤ ማኅተሙም አይለይም። ይህን የሚለይ፣ አንድ ሎኮሞቲቭ ቁልቁለት ላይ አቁሞ መሄድ ነው።

የሎኮሞቲቭ ጥበቃ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚታየው ካፖርት የለበሰ፣ ዱላና ባትሪ የያዘ ዘበኛ ነው። ሌባ የለም አይባልም፤ ብሎንና ኬብል ፈትቶ ለቆራሌው የሚሸጥ ሞልቷል። ሎኮሞቲቩን ራሱን ግን ማን ይሰርቀዋል? ከመቶ ቶን በላይ የሚመዝን ብረት ነው፤ ወደ ምናለሽ ተራ የሚገባ ሀዲድ ደግሞ የለም። ሎኮሞቲቭ የሚሰርቀው ቁልቁለት ነው። ይህ መስመር ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይጀምርና ባሕር ጫፍ ድረስ ይወርዳል፤ ሌባው ምን ያህል ትዕግሥተኛ እንደሆነ መገመት ነው።

ሒሳቡን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። በ1,000 ሜትር 1 ሜትር የሚወርድ ሀዲድ እያንዳንዱን ቶን በ1 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ታች ይጎትተዋል። የብረት ጎማ በብረት ሀዲድ ላይ አንዴ መንከባለል ከጀመረ የሚገታው ኃይል በቶን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይን «ሜዳ ነው» ብሎ የሚፈርምበት ቦታ፣ በሺህ 2 ወይም 3 ሜትር የሚወርድ፣ የተነቃነቀን ፉርጎ ይዞ ለመሄድ ይበቃል። ቁልቁለቱ በሺህ 12 ቢሆን፣ ባቡሩም 3,000 ቶን ቢጭን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳያንቀላፋ የሚጎትት 36 ቶን ኃይል አለ ማለት ነው። ዘበኛው እንኳ አንድ ሁለቴ ያንቀላፋል።

እዚህ ላይ ነባሩ እጁን ያነሣል። «አየር ይዞታል» ይላል። ብዙ ጥፋት የተኛው በዚህች ዐረፍተ ነገር ጉያ ነው። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ የአየር ፍሬን ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው፤ አየሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲያፈስ ኖሯል። የዛሬው አሠራር እንዲህ ነው፦ በባቡሩ ርዝመት የሚያልፈው ቧንቧ በጭነት ባቡር 5 ባር ገደማ ይሞላል። ነጂው ከዚያ ሲቀንስ፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ከራሱ በርሜል አየር ወደ ሲሊንደሩ ልኮ ጎማውን ይይዛል። ጎበዝ ፈጠራ ነው። ግን ሲሊንደሩ አየር የሚያግት የላስቲክ መድፈኛ አለው፣ መድፈኛው ያረጃል፣ አየሩ ቀስ ብሎ ይወጣል። አንዱ ፉርጎ እስከ ማለዳ ይዞ ያድራል፤ ሌላው ቡናው ሳይፈላ ይለቃል። የትኛው የትኛው እንደሆነ በጆሮ አይታወቅም።

የሎኮሞቲቩ የራሱ ፍሬንማ ይብሳል። እሱን የሚመግበው አየር የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ነው፤ ፓንቶግራፉ (ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበለው የጣሪያ ክንድ) ሲወርድ ኮምፕረሰሩ ይቆማል፤ የዋናው በርሜል ግፊትም እንደ ወር መጨረሻ ደመወዝ፣ ማን እንደወሰደው ሳይታወቅ ያልቃል። የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ቧንቧው በድንገት ቢበጠስ ፉርጎዎቹ ሁሉ ወዲያው ይይዛሉ፤ በጣም በዝግታ ሲያፈስ ግን ፍሬኑን የሚያስይዘው ቫልቭ ለውጡን ላያውቀው ይችላል። አየሩ በጩኸት ቢወጣ ባዳነ፤ የሚያጠፋው በዝምታ የሚወጣው ነው።

የካናዳዋ ላክ ሜጋንቲክ ይህንኑ አይታለች፤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 6፣ 2013። አምስት ሎኮሞቲቭ የሚስበው 72 የድፍድፍ ነዳጅ ፉርጎ ቁልቁለት ላይ አደረ። ነጂው ጀማሪ አልነበረም። ሰባት የእጅ ፍሬን አጠበቀ፤ ይዞ እንደሆነ ሲፈትን ግን የሎኮሞቲቮቹን የአየር ፍሬን አልለቀቀም ነበርና፣ ባቡሩን የያዘው ማን እንደሆነ ፈተናው አልነገረውም። ሌሊት ፊተኛው ሎኮሞቲቭ ላይ እሳት ተነሣ፤ አጥፊዎቹ መጡና ሞተሩን አቆሙት፤ ኮምፕረሰሩም ቆመ፤ አየሩ ቀስ እያለ ወጣ። ባቡሩ ሰው ሳይኖርበት ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ በሰዓት 104 ኪሎ ሜትር ከተማዋ መሐል ገባ። 47 ሰው ሞተ። መርማሪዎቹ ቢያንስ 17፣ ምናልባትም 26 የእጅ ፍሬን ያስፈልግ ነበር አሉ።

ይህ ሲነሣ ላስቲክ ቤቱ ዝም ይላል። ዝምታው ግን አንዱ «እዚያ በረዶ ስላለ ነው» እስኪል ድረስ ነው። ጁላይ የእነሱ በጋ ነው።

የሚደረገውማ ይታወቃል። ባቡሩ ከቆመ በኋላ የጉልበት መቆጣጠሪያው ዜሮ ላይ፣ የአቅጣጫ መያዣው መሐል ላይ ይሆናል። የሎኮሞቲቩ የማቆያ ፍሬን ይያዛል፤ ይህኛው የሚይዘው በሞላ (በስፕሪንግ) ጉልበት ነው፤ አየር የሚያስፈልገው ለመልቀቅ ነውና አየር ሲያልቅ አይፈታም። (ሎኮሞቲቩ ተጎትቶ የመጣ ከሆነ ግን ይህ ፍሬን ከሥር በእጅ ተፈትቶ ሊሆን ይችላል፤ ሄዶ ጎማው ሥር ማየት ነው።) ቀጥሎ የፉርጎዎቹ የእጅ ፍሬን፤ ከዚያ ፈተናው። የሎኮሞቲቩም የፉርጎዎቹም የአየር ፍሬን ይለቀቃል፣ ትንሽ ይጠበቃል፣ በትንሽ ጉልበት ገፋ ይደረጋል። ካልተነቃነቀ ታስሯል፤ ከተነቃነቀ ተጨማሪ ፉርጎ ማጥበቅ ነው። ይህ ሁሉ ፓንቶግራፉ ሳይወርድ ነው የሚሆነው፤ ከወረደ በኋላ መፈተን ሬሳን «ተሻለህ?» ማለት ነው። በመጨረሻ በዋናው ማቋረጫ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፣ ፓንቶግራፉ ይወርዳል፣ መውረዱም ወርዶ በዓይን ይታያል፣ ቁልፉ ተነቅሎ ኪስ ይገባል። ፓንቶግራፉ ወረደ ማለት ሽቦው ሞተ ማለት አይደለም፤ 25 ሺሁ ቮልት እዚያው ከጣሪያው በላይ አለ።

በር መቆለፍ ላይ ነባርና አዲስ እኩል ይሳሳታሉ። ሎኮሞቲቩ ሁለት የነጂ ክፍል አለው። የተቀመጡበትን በኩራት ቆልፈው፣ የወዲያኛውን ክፍል በሩን በርግደው ትተውት ይሄዳሉ። ግቢውን በሰንሰለት አስሮ የጓሮውን አጥር የረሳ አባወራ ማለት ነው።

የእጅ ፍሬን ራሱ የአማርኛ ወጥመድ አለበት። ከሚኒባስ ይዘነው የመጣነው ቃል «ሳበ» ነው፦ የእጅ ፍሬን ሳበ፣ በቃ። የፉርጎ የእጅ ፍሬን ግን አይሳብም፣ መሪው ይዞራል። ሰንሰለቱ እስኪወጠር፣ የፍሬኑ ሸራ ከጎማው እስኪጣበቅ ድረስ ይዞራል፤ ከዚያ ተጎንብሶ ሸራውን በእግር መታ መታ ማድረግ ነው። ከተንቀሳቀሰ አልያዘም። የላላ ሰንሰለት ሲጠቀለል መሪው ይከብዳል፤ የሰነፍ ክንድ ደግሞ ሲከብደው «ያዘ» ይላል። ቁልቁለት ወርዶ ጎማው የጋለ ባቡርማ ሁለቴ ነው የሚታሰረው፤ የጋለ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ፣ ትኩስ እያለ የጠበቀው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊላላ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ደግሞ ልክ የአንድ አቦል ዕድሜ ነው።

ርክክቡን ማዳመጥ ነው ደስታው።

«ጋሼ፣ ስንት ፉርጎ አስረዋል?»

«በቂ።»

«በቂ ስንት ነው?»

«ልጄ፣ እኔ ሳስር ቆጥሬ አላውቅም።»

አዲሱ መዝገብ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ይፈልጋል፤ ነባሩ ቁጥር መጠየቁን እንደ ስድብ ይወስዳል። በመጨረሻ አዲሱ 8 ብሎ ይጽፋል፤ ለምን 8 እንደሆነ እሱም አያውቅ። ነባሩ የሚስቀው በዚህ ነው፤ አልተሳሳተም።

ወደ ታኮ እንምጣ። ቻይናዎቹ «የብረት ጫማ» ይሉታል፤ እኛ ታኮ እንለዋለን፤ ሁለታችንም ከጫማ ቤት አልወጣንም። ሀዲዱ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ምላሱ ጎማው ሥር ጥብቅ ብሎ ይገባል፤ መጀመሪያ ቁልቁል በሚያየው ወገን፣ ከዚያ በተቃራኒው። እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ ሲወጣ ይፈረምበታል፣ ሲመለስ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ወረቀት ያመጣው የእኛው የጭነት መኪና ረዳት ልማድ ይመስላል፦ ዳገት ላይ ድንጋይ ታኮ አድርጎ፣ መኪናው ሲነሣ ድንጋዩን መሐል አስፋልት ላይ ትቶት የሚሄደው። አስፋልት ላይ የቀረ ድንጋይ የሚቀጥለውን ሹፌር ይጠብቃል። ሀዲድ ላይ የቀረ ታኮ ግን የሚጠብቀው የራሱን ባቡር ነው። ጎማው ይገፋዋል፣ ብረት በብረት እየተፋጨ ይሄዳል፣ የሀዲድ ማቀያየሪያው ጋ ሲደርስ ይሰነቀራል፤ ጎማው ላዩ ላይ ይወጣና ከሀዲድ ይወርዳል።

እንዲህ ያለ ጥዋት ሲመጣ፣ ሎኮሞቲቩ ሦስት ሜትር ሄዶ ሲንቋቋና ሁሉም ሰው ሲወርድ፣ በቁጥር 14 ታኮ ላይ ማን እንደፈረመ ሲፈለግ፣ የበርጩማው ሥርዓት በአንዴ ይገለበጣል። ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ የነበረው ነባር መርማሪዎቹ ፊት እንዲህ ብሎ ቃሉን ይሰጣል፦ «እኔ የናፍጣ ሰው ነኝ፤ በዚህኛው ሞዴል ላይ ገና ስምንት ወሬ ነው።» አዲሱ ደግሞ፦ «እኔማ ከእሳቸው ልምድ እየቀሰምኩ ነበር።»