ጥያቄ 21 ይቅር ወይስ ይቆይ?

አሜሪካ ውስጥ ምስጢር ያለበት የመንግሥት ሥራ የሚሠራ ሰው ክሊራንስ የሚባል የደኅንነት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለዚህም ኤስኤፍ-86 የሚባል፣ ከመቶ ገጽ የሚበልጥ ፎርም ይሞላል። ጥያቄ 21 ስለ አእምሮ ጤና ነው። ሁለት የዲሲ አካባቢ ሰዎች፣ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስና ክሊራንስ ያለው የኔትወርክ ባለሙያ፣ ይከራከሩበታል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ነርሷ፦ ይቅር። አንድ የሀገሬ ልጅ ከሥራ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ደወለልኝ። አባቱን በስልክ ቪዲዮ ነው የቀበረው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ሐኪም ላገናኝህ ስለው «ክሊራንሴስ?» አለኝ። እኛ ዘንድ ድሮም «አበደ» መባል ያስፈራል። መንግሥት ደግሞ ፎርም ሲጨምርበት ማን ደፍሮ ይታከማል? ሰውን በሥራው መዝኑት።

ባለሙያው፦ እህቴ፣ ልጁ የፈራው ፎርሙን ሳይሆን ስለ ፎርሙ የሚወራውን ነው። ድሮ ባለፉት ሰባት ዓመታት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደሃል ወይ ይባል ነበር። ያኔም ቢሆን የሐዘን ምክር አይጻፍም ነበር። በ2016 መጨረሻ ጥያቄው ተቀየረ። አሁን የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ፍርድ ቤት ታከም ብሎ አዞሃል? ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኝተሃል? ስኪዞፍሬኒያን ወይም ባይፖላርን የመሰለ ሕመም አለብህ ተብለሃል? ማመዛዘንህን ክፉኛ የሚጎዳ ሕመም አለብህ? እነዚህን የመሰሉ ናቸው። «አዎ» ያለም ወዲያው አይወድቅም። ሕክምናውን በደንብ የሚከታተል፣ ሐኪሙም የሚመሰክርለት ሰው ማለፍ ይችላል።

የሚጥለው ጠባይ ነው፤ ከጠባይም ውሸት። ከ13ቱ የመመዘኛ መመሪያዎች አንዱ ለዚሁ የተጻፈ ነው። አብሮኝ የሠራ ልጅ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ነበር። ጉዳዩ ተዘግቷል ብሎ «የለም» ላይ ምልክት አደረገ። መርማሪው የፖሊሱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። መጠጡ ሊታለፍለት ይችል ነበር። ጉድ ያደረገው መደበቁ ነው።

ነርሷ፦ ታዲያ የሚጥለው ጠባይ ከሆነ ጥያቄ 21 ምን ይሠራል? በመስከረም 2013 ዋሽንግተን ኔቪ ያርድ በሚባለው የባሕር ኃይል ግቢ ውስጥ 12 ሰው የገደለውን አሮን አሌክሲስን አስታውስ። ክሊራንስ ነበረው። በ2004 ሲያትል ውስጥ የሰው መኪና ጎማ በሽጉጥ መትቶ ታስሮ ነበር፤ ፎርሙ ላይ ግን አልጻፈውም። መርማሪዎቹ እስሩን አገኙት። ሪፖርታቸው ግን ጎማ አስተነፈሰ ብሎ አለፈው፤ ሽጉጡ የለም! ጠባዩ እዚያው ፊታቸው ነበር። ወንድሜ፣ የተከለከሉትን ብቻ አትቁጠር። ፋይሉ ሳይዘጋ ወራት የሚጠብቀውንስ? ለመንግሥት በኮንትራት የሚሠራ ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ እስኪፈቀድለት ብዙ ጊዜ ደሞዝ የለውም። ክሊኒካችን ድረስ ሳይመጣ የቀረውንስ ማን ይቆጥረዋል?

ባለሙያው፦ መጠበቁ በጣም ከባድ ነው፣ እሱን አልክድሽም። እኔም ስምንት ወር ጠብቄያለሁ፤ ቤት ኪራዩን የከፈለችው ባለቤቴ ናት። አሌክሲስ ግን የኔን ነገር ነው የሚያጠናክረው። ከግድያው አንድ ወር በፊት ሮድ አይላንድ ውስጥ ድምፅ እሰማለሁ፣ ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው ብሎ ለፖሊስ ተናግሯል። ፖሊስም ለባሕር ኃይሉ ጣቢያ አሳውቋል። ክሊራንሱ ግን አልተሰረዘበትም። አንቺ ደግሞ ጭራሽ አትጠይቁ ትያለሽ።

ነርሷ፦ እሱ እኮ የተናገረው ፎርም ሲሞላ አይደለም፤ ጨንቆት ፖሊስ ጠርቶ ነው። ሰው የልቡን የሚያወጣው እንዲህ ነው፣ ለሚሰማው ሰው። ስለዚህ ይቅር ነው የምለው፣ አሁንም።

ልጁ ግን እስካሁን አልታከመም። የሐዘን ምክር አይጻፍም ያልከውን እኔ ብነግረው ነርስ ስለሆንሽ ነው ይለኛል። ካንተ ቢሰማ ይሻላል፤ ክሊራንሱ ያለህ አንተ ነህ። ስልኩን እንድሰጥህ ፈቅዷል። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ደውልለት።